ከመርዶ በኋላ ያለው ሰዓት

ቻፕሊን በሆስፒታል፣ በጦር ሠራዊት፣ በማረሚያ ቤት ወይም በእሳት አደጋ መከላከያ ተመድቦ የሚያገለግል የሃይማኖት ሰው ነው። ቄስ፣ ፓስተር፣ ኢማም ወይም ረቢ ሊሆን ይችላል። ከደብር ካህን ወይም ከሰፈር ኢማም የሚለየው ምእመኑ እስኪመጣለት አለመጠበቁ ነው፤ መከራው ወደ ደረሰበት ቦታ ራሱ ይሄዳል። የሚያገለግለውም የእምነት ወንድሙን ብቻ አይደለም። የተጎዳው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ በራሱ እምነት እንዲጽናና ያግዘዋል፤ እምነት የለኝም የሚለውንም አያገልም። አልጋ ላይ የወደቀን ሰው ወደ ራስ ሃይማኖት ለመሳብ መሞከር በዚህ ሙያ ትልቅ ነውር ነው።

በኢትዮጵያ ቻፕሊን የሚለው ስም ብዙ አይሰማም፤ ሥራው ግን እንግዳ አይደለም። የንስሐ አባት የልጆቹን ቤት ያውቃል፤ ማን እንደታመመ፣ የማን ትዳር እንደተናጋ፣ የማን ልጅ በስደት ደብዛው እንደጠፋ ቀድሞ የሚሰማው እርሱ ነው። የሰፈር ኢማሙም፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌውም እንደዚሁ ናቸው። ከባድ አደጋ ሲደርስ ብዙ ሰው ከሐኪም በፊት ወደ እነዚህ ሰዎች ይሮጣል። ስለዚህ የሃይማኖት አገልጋዩ ፈለገም አልፈለገም በሰው የሥነ ልቦና ቀውስ ውስጥ ይገባል። ምን አውቆ እንደሚገባ ግን ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ይህን ዕውቀት በሥርዓት ለማስተማር ከተነሡት ቀዳሚዎች አንዱ አሜሪካዊው አንቶን ቦይሰን ነው። ቦይሰን የፕሮቴስታንት አገልጋይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1920 በከባድ የአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ገባ። ካገገመ በኋላ በ1924 በማሳቹሴትስ ግዛት በዉስተር የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቻፕሊን ሆነ፤ በዓመቱም ጥቂት የሥነ መለኮት ተማሪዎችን አምጥቶ ከሕሙማኑ ጋር እንዲውሉ አደረገ። ተማሪ መጽሐፍን እየመረመረ እንደሚያነብ ሁሉ የተሠቃየውንም ሰው ሕይወት በዚያው ትጋት ማንበብ አለበት ብሎ ያምን ነበር። ዛሬ በአሜሪካ የሙያ ማረጋገጫ የሚፈልግ ቻፕሊን በተለምዶ አራት ዙር የተግባር ሥልጠና ይወስዳል፤ አንዱ ዙር 400 ሰዓት ነው። የዚህ ሁሉ መነሻ ራሱ ታሞ የዳነ ሰው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ሁለተኛው መነሻ እሳት ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 1942 በቦስተን ከተማ ኮኮናት ግሮቭ የተባለ የምሽት ክበብ ተቃጥሎ 492 ሰዎች ሞቱ። ሳይካትሪስቱ ኤሪክ ሊንደማን ከቃጠሎው የተረፉትንና ሌሎች ሐዘንተኞችን ተከታትሎ በ1944 ስለ 101 ሰዎች ሐዘን ጽሑፍ አወጣ። ጉሮሮ ሲታነቅ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ሆድ ባዶ ሲሆን፣ የሟቹ መልክ ከፊት አልጠፋ ሲል፣ «እንዲህ ባደርግ ኖሮ ይተርፍ ነበር» የሚል ጸጸት ሲያንገበግብ መዘገበ። አንዳንዱ ሐዘንተኛ ደግሞ ምንም እንዳልተነካ ሆኖ ሥራውን ሲሠራ ቆይቶ ከወራት በኋላ ይሰበራል። ሊንደማን የሃይማኖት አገልጋዮች ከሐዘንተኛ ጋር በመቆም ቀዳሚዎች መሆናቸውን መስክሮ፣ ማጽናናት ብቻውን ግን እንደማይበቃ አከለ። ሐዘንተኛው ሐዘኑን እንዲያዝን፣ ከሟቹ ተለይቶ መኖርን ቀስ በቀስ እንዲለምድ የሚረዳው ሰው ያስፈልገዋል።

ከባድ ድንጋጤ ሰውነትን ምን እንደሚያደርግ የአማርኛ ተናጋሪ በራሱ ቃላት አሳምሮ ይገልጸዋል። «ክው አለ»፣ «ደርቆ ቀረ»፣ «ቀልቡ ተገፈፈ» ይላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጆሮ ይሰማል እንጂ ቃሉ አይገባም። አንዱ ይጮኻል፤ ሌላው ፊቱ ላይ አንዳች ነገር ሳይታይ ስለ ጠፋ ቁልፍ ይጠይቃል። ይህ እብደት አይደለም፣ የእምነት ማነስም አይደለም፤ አካል አደጋን የሚከላከልበት መንገድ ነው። በቀጣዮቹ ቀናት እንቅልፍ ይጠፋል፣ ቅዠት ይመጣል፣ የበር መዘጋት ሰውን ከመቀመጫው ያስነሣል። ለአብዛኛው ሰው ይህ ሁሉ በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ 70 በመቶ ያህሉ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ ያለ ክፉ ነገር ይገጥመዋል፤ ከእነዚህ መካከል ፒቲኤስዲ የሚባለው፣ ከድንጋጤው በኋላ የሚቆይ የአእምሮ ሕመም የሚይዘው 5.6 በመቶው ነው። ሕመሙ በዚህ ስም በአሜሪካ የሳይካትሪ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ እንዲህ ነው ለማለት ምልክቶቹ ከወር በላይ መቆየት አለባቸው። ቻፕሊን ይህን ማወቁ ለሁለት ነገር ይጠቅመዋል፤ በሦስተኛው ቀን የሚንቀጠቀጠውን ሰው «ታመሃል» ብሎ አያስደነግጠውም፣ በሦስተኛው ወር እንቅልፍ ያጣውን ደግሞ «ጊዜ ይፈውሰዋል» ብሎ አይሸኘውም።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚሠራው ሥራ ሥነ ልቦናዊ የመጀመሪያ ዕርዳታ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው መመሪያ ሥራውን ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት በሚሉ ሦስት ቃላት ያስቀምጠዋል። ማየት ሲባል ቦታው አደጋ የሌለበት መሆኑን፣ ማን አጣዳፊ ሕክምና እንደሚያስፈልገው፣ የትኛው ሕፃን ብቻውን እንደቆመ መቃኘት ነው። ማዳመጥ አጠገብ ተገኝቶ የሚያስፈልገውን መጠየቅና ሰውየው እንዲረጋጋ መርዳት ነው። ማገናኘት ደግሞ ከቤተሰብ፣ ከመረጃ፣ ከምግብና ከመጠለያ፣ አስፈላጊም ከሆነ ከባለሙያ ጋር ማድረስ ነው።

በሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ ይህ ምን እንደሚመስል ማሰብ ይቻላል። ልጇ በመኪና የተገጨባት እናት ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ የልጁን አንድ ጫማ በደረቷ ይዛለች። ጥሩ ቻፕሊን ቆሞ ቁልቁል አያናግራትም፤ አጠገቧ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ስሙንና ከየት እንደመጣ ይነግራታል፤ ውኃ ያስመጣላታል። ጫማውን ከእጇ አይወስድም። ትንፋሿ ከተቆራረጠ እግሯ ወለሉን እንዲሰማው፣ አየሩን ቀስ ብላ እንድታስወጣ ከእርሷ ጋር አብሮ ይተነፍሳል። ከዚያ «ማንን ልጥራልሽ?» ይላል። ስልኩን ደውሎ እኅቷ እስክትመጣ ድረስ አይነሣም፤ ሐኪሙ መቼ እንደሚወጣ ጠይቆ ያገኘውን ብቻ ይነግራታል፣ የማያውቀውን ተስፋ አይሰጣትም። ልጸልይ ወይ ብሎ የሚጠይቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ አይሆንም ካለችም ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከውጭ ለሚያየው ምንም ያልተሠራ ሊመስል ይችላል። ያቺ እናት ግን ብቻዋን አልነበረችም፣ ቀልቧም የሚሰበሰብበት አንድ ነጥብ አግኝታለች።

ከቻፕሊን ሥራ ሁሉ ከባዱ መርዶ ነው። በዚህ የኢትዮጵያ ባህል ብዙ የሚያስተምረው አለ። ዘመድ፣ የእድር ሰዎችና የንስሐ አባት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ በሩ ሲንኳኳና የብዙ ሰው ኮቴ ሲሰማ ባለቤቱ ገና ሳይነገረው ይገባዋል። ሲነገረው እንዳይወድቅ የሚይዙት ሰዎች ግራና ቀኙን ቆመዋል። ያን ቀን ምግብ የሚሠራው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ለሌሎች የሚደውለው ታውቋል። መርዶ የሰማ ሰው ብቻውን እንዳይሆን በዚህ ልክ የተጨነቀ ሥርዓት ቀላል ሀብት አይደለም። በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም ያለው ማኅበረሰብ ይህን ይዞት ሄዷል፤ ሰውየው ከሥራ ተመልሶ እስኪተኛ ተጠብቆ ንጋት ላይ በሩ ይንኳኳል።

ባህሉ የሚያስቸግርበትም ቦታ አለ። ሰው ሞቶ ሳለ «ትንሽ አሞታል» እያሉ ቀናት ማሳለፍ በፌስቡክ ዘመን አይሠራም፤ ሐዘንተኛው ከማያውቀው ሰው ጽሑፍ ላይ ሊያነበው ይችላል፣ የደበቀበትን ዘመዱንም ዳግመኛ ለማመን ይቸገራል። የሆስፒታል ቻፕሊኖች የሚማሩት አሠራር አጭር ነው፦ ለብቻ የሚሆን ክፍል ይፈለጋል፣ ሰውየው ይቀመጣል፣ ክፉ ዜና እንዳለ ይነገረዋል፣ ከዚያ «ሞቷል» ወይም «አርፏል» የሚለው ቃል ሳይሸፋፈን ይባላል፤ ቀጥሎ ዝም ይባላል። ዝምታው ከሁሉ ይከብዳል። ተናጋሪው ድንጋጤውን መሸከም ሲያቅተው ክፍተቱን በወሬ ይሞላዋል፤ በዚያ ሰዓት የሚነገረው ቃል ግን አንድም አይሰማም፣ አንድም ዕድሜ ልክ አይረሳም።

ዕድሜ ልክ ከማይረሱት አንዳንዶቹ በክፋት የተነገሩ አይደሉም። «ፈጣሪ የሚወደውን ቶሎ ይወስዳል»፣ «ከዚህ የባሰም አለ»፣ «አንተ የተረፍከው ለዓላማ ነው»፣ «ማልቀስ ይብቃሽ፣ ኃጢአት ይሆንብሻል»። ሁሉም ለማጽናናት ታስበው ይነገራሉ፤ የሚሰማው ግን ሐዘኑ እንደማይፈቀድለት ይረዳል። ክርስቶስ በአልዓዛር መቃብር ላይ ማልቀሱን ካህናት ይሰብካሉ፤ ነቢዩ ሙሐመድም ለልጃቸው ለኢብራሂም ማልቀሳቸውን ኢማሞች ያስተምራሉ። በድንኳን ውስጥ ግን ይህ ይዘነጋል። «እግዚአብሔር ያጥናሽ»፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥህ» ብሎ መቀመጥ ይበቃል። «ለምን እኔን?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣም መልስ የሚፈለግበት ጥያቄ ላይሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጩኸት ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ ሠሩ፤ ያበላሹት ምክንያቱን ማስረዳት ሲጀምሩ ነው።

ሰውን አስገድዶ ማናገርም እንደዚያው ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ አንድ ዘዴ ተስፋፍቶ ነበር፤ ከአደጋ የተረፉት በቀናት ውስጥ ተሰብስበው ያዩትንና የተሰማቸውን ሁሉ በአንድ ጉባኤ እንዲያወጡ ይደረግ ነበር፣ ቻፕሊኖችም በብዛት ሠልጥነውበታል። ኋላ ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲመረመሩ የአንድ ጊዜው ጉባኤ ፒቲኤስዲን እንደማይከላከል ታየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለዚህ ዓላማ እንዳይሠራበት መክሯል። ተጎጂው ሊናገር ሲፈልግ የሚሰማው ሰው ይኑር፤ ሊናገር ካልፈለገ ደግሞ «አውጣው ይቅለልህ» ተብሎ አይጎትጎት። በጉባኤ ቆሞ እንዲመሰክር ማድረግም፣ ለሌላው ትምህርት ይሆናል በሚል ቢሆን እንኳ፣ ቁስሉን መልሶ መክፈት ነው።

የሃይማኖት አገልጋይ ከሐኪም ይልቅ የሚጠበቅበት ቦታ ጸጸት ነው። ከአደጋ የተረፈ ሰው ብዙ ጊዜ መትረፉን እንደ በደል ይቆጥረዋል፦ «እኔ ነኝ ቶሎ ና ያልኩት»፣ «እጁን ይዤው ነበር፣ ለቀቅሁት»። ካህኑ እዚህ ላይ ጥበብ ይፈልጋል። ቸኩሎ «አንተ ምንም አላደረግህም» ካለ ሰውየው ዝም ይላል እንጂ አያምነውም። ቸኩሎ ቀኖና ከሰጠው ደግሞ ያልሠራውን በደል አጸደቀበት። በተለይ የተደፈረች ሴት ወደ ንስሐ አባቷ መጥታ «አባ፣ ቆሽሻለሁ፣ ቀኖና ይስጡኝ» ስትል መልሱ አንድ ነው፦ «ልጄ፣ ኃጢአቱ የእርሱ ነው፤ ያንቺ አይደለም፣ ንስሐም የለብሽም።» ይህን ቃል ከሳይካትሪስት ብትሰማው ምክር ነው፤ ከንስሐ አባቷ አፍ ሲወጣ ግን ፍርድ ነው፣ ከቤተሰብና ከጎረቤት ዓይንም ይከላከልላታል። ሕክምናው ሊዘገይ እንደማይገባ የሚነግራትም፣ ከፈለገች አብሯት የሚሄድ ሰው የሚያገኝላትም እርሱ ሊሆን ይችላል።

በእውነት የበደለም አለ። በጦርነት ያደረገው ወይም ሲደረግ አይቶ ያላስቆመው ነገር ሕሊናውን የሚበላው ወታደር አለ። አሜሪካዊው ሳይካትሪስት ጆናታን ሼይ ከቬትናም ዘማቾች ጋር ሲሠራ ያየውን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1994 መጽሐፍ አሳተመ፤ የሕሊና ቁስል የሚባለው አስተሳሰብ ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። ይህ ቁስል ከፍርሃት የሚመጣ ስላልሆነ በማረጋጋት ብቻ አይሽርም። ኑዛዜ፣ ንስሐ፣ ተውባ፣ ካሣ፣ ዕርቅ የሚባሉት ለዚህ የቆዩ መንገዶች ናቸው። ካህኑ በደሉን አያቃልልም፣ ሰውየውንም በደሉ ብቻ አያደርገውም፤ ጊዜ ወስዶ ይሰማል።

ሥርዓት ቃል የማይደርስበት ይደርሳል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ለቤተሰብ የሚሰጥ አስከሬን ወዲያው አልተገኘም። በሳምንቱ፣ መጋቢት 8 ቀን፣ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ በለበሱ ባዶ ሣጥኖች የቀብር ሥርዓት ተፈጸመ፤ ቤተሰቦችም ከአደጋው ቦታ የተዘገነ አፈር ተሰጣቸው። አስከሬን የሌለው ሐዘን መያዣ የለውም፤ ልብ «ምናልባት» እያለ ይጠብቃል። ፍትሐቱ፣ ሣጥኑ፣ አፈሩ ለዚያ ልብ መሞቱን ይነግሩታል። በእስልምናም በሌለ አስከሬን ላይ የሚሰገድ ሰላተል ጋኢብ አለ። ወደ እስራኤል ለመሻገር በሱዳን በኩል ሲጓዙ ወደ 4,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁዳውያን) መንገድ ላይና በመጠለያ ጣቢያ አልቀዋል፤ ብዙዎቹ የት እንደተቀበሩ አይታወቅም። በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸው በየዓመቱ ሲታሰቡ ለቤተሰቡ መቃብር ሆኖ ያገለግላል።

ቻፕሊን ሊያውቀውና ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ። በሃይማኖተኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ሐሳብ በጣም ይደበቃል፣ ለካህን መናገር ደግሞ ከሁሉ ያሳፍራል። በግልጽ ቢጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ ይተክላል የሚለው ፍርሃት ትክክል አይደለም፤ በርኅራኄ የተጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ይቀለዋል። «እንዲህ ባለ ጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው መኖር ሊያስጠላው ይችላል፤ አንተስ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ማለት ይበቃል። አዎ ካለ አይገሠጽም፣ ሲኦልም አይነሣበትም። ብቻውን አይተውም፤ ራሱን ሊጎዳበት የሚችል ነገር ከአጠገቡ ይርቃል፣ የሚያምነው ሰው ይጠራል፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይደርሳል። አገልጋዩም ምስጢር እጠብቃለሁ ሲል ሕይወትን ለማዳን ሌላ ሰው መጥራት ሊያስፈልግ እንደሚችል ቀድሞ መናገሩ ኋላ እንዳይከዳው ያደርጋል።

ወደ ባለሙያ መላክ የእምነት ሽንፈት ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ይሁንና ሰው እንቅልፍና ምግብ ከተወ፣ ያልተነገረ ድምፅ ከሰማ፣ ከወር በላይ ቅዠቱ ካልለቀቀው፣ በመጠጥ ወይም በጫት ራሱን ማደንዘዝ ከያዘ ከቻፕሊኑ አቅም በላይ ነው። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ጠበል ነው፤ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት አማኑኤል ሆስፒታል የሚደርሰው ከብዙ ወራት በኋላ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ግን መጣላት የለባቸውም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል፤ በአዲስ አበባም በአንድ የጠበል ስፍራ የሳይካትሪ ሕክምና ከጠበሉ ጎን እንዲሰጥ የተደረገበት ትብብር በ2021 በታተመ ጥናት ተዘግቧል። የንስሐ አባት «ጠበሉንም ተጠመቅ፣ ክኒኑንም ዋጥ» ማለቱ ብቻ አንድ ቤተሰብ የሚሰቃይበትን ክርክር ይፈታል። ጾም ሲገባ መድኃኒት የሚያቋርጥ ሕመምተኛ ብዙ ነው፤ ታማሚ ከጾም እንደሚፈታ ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ያስተምራሉ፣ ይህን ለሕመምተኛው ሊነግረው የሚገባው የሚያምነው አገልጋይ ነው።

በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሆስፒታል ሲተኛ ቻፕሊን መጥራት እንደሚችል ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ ፈረንጅ ቄስ ምን ሊያደርግልኝ ብሎ ይተወዋል። ቻፕሊኑ ግን አማርኛ የሚናገር ካህን ወይም ኢማም ፈልጎ ማስመጣት፣ አስተርጓሚ መጠየቅ፣ ዘመድ አዝማድ በብዛት ሲመጣ ለነርሶቹ ባህሉን ማስረዳት ይችላል።

አገልጋዩም ሰው ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት በቆመው የሰሜኑ ጦርነት የራሳቸውን ዘመድ ቀብረው በማግሥቱ ሌላውን ለማጽናናት የወጡ ካህናትና ኢማሞች ነበሩ። የሌላውን ጩኸት ሲሰማ የኖረ ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ይቆጣል፣ ወይም ምንም አይሰማውም። ይህ ሲመጣ ሸክሙን የሚያካፍለው የራሱ የነፍስ አባት ወይም የሥራ ባልደረባ ያስፈልገዋል፤ የሚያርፍበትም ቀን። በሆስፒታል ሥልጠና ተማሪው ያደረገውን ጉብኝት ጽፎ በጓደኞቹና በአሠልጣኙ ፊት የሚያነብበው ለዚህም ነው።

ድንኳኑ ከተነቀለ፣ የእድሩ ዕቃ ከተመለሰ በኋላ ቤቱ ጸጥ ይላል። ሰልስቱ አልፏል፣ ጎረቤት ወደ ሥራው ተመልሷል። የሐዘንተኛው ድንጋጤ ለቆ ሕመሙ በርትቶ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። አርባውን፣ ሰማንያውን፣ ሙት ዓመቱን በቀን መቁጠሪያው ላይ የጻፈ አገልጋይ በእነዚያ ቀናት ይደውላል ወይም ብቅ ይላል፤ ቡና ሲፈላ ይቀመጣል፣ የሟቹንም ስም ጠርቶ ስለ እርሱ ይጠይቃል።